ድመቷ ናት ወይስ ፀጉር ቤቱ? የቆረቆር ምርመራ ለምን ወር ይፈጃል

ጥያቄው የአንዲት እናት ነው። ባጭሩ እንዲህ ይላል፦

«የሰባት ዓመት ልጄ ራስ ላይ ክብ ክብ እየሠራ ፀጉሩ ይነቀላል፣ ነጭ ቅርፊትም ያወጣል። ጎረቤት ሁሉ ቆረቆር ነው አለኝ። ነጭ ሽንኩርት አሸሁበት፤ ልጁን ከማስለቀስ በቀር የፈየደው የለም። ከፋርማሲ ክሬም ገዛሁ። አሞክሳሲሊንም አንድ ዙር ጨረሰ። በመጨረሻ የቆዳ ሐኪም ጋ ሄድን፣ ከራሱ ላይ ተፍቆ ላብራቶሪ ገባ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ‹ፈንገስ ታይቷል› አሉን። ከዚያ ደግሞ ‹ካልቸሩ እስከ አራት ሳምንት ይቆያል› ተባልን። ከታየ ወዲያ ለምን ወር እንጠብቃለን? ባለቤቴ ደግሞ ከድመቷ ነው፣ ትውጣ እያለ ነው። ምን ይሻለኛል?»

እህቴ፣ ለጊዜው ድመቷን አያስወጧት። ወሩንም እጅዎን አጣጥፈው አይጠብቁ። የመጀመሪያው ውጤት «ፈንገስ አለ» ካለ ሐኪሙ ሕክምናውን የዚያኑ ቀን ሊጀምር ይችላል። ካልጀመረላችሁ ነገ ደውለው ይጠይቁ። ካልቸሩ፣ ማለትም ፈንገሱን ማሳደጊያ ላይ አብቅሎ ማየቱ፣ የሚቆየው ለሌላ ጥያቄ መልስ ለማግኘት ነው። ማይክሮስኮፑ በሩ መንኳኳቱን ነግሮናል፤ ማን እንዳንኳኳ ግን አልነገረንም። የእርስዎንና የባለቤትዎን ክርክር የሚፈታው ደግሞ የአንኳኪው ስም ነው።

እኔ ላብራቶሪ ውስጥ ነው የምውለው። ስለዚህ ነገሩን ከማይክሮስኮፑ ወዲህ ሆኜ ላውራዎት።

ፈንገስ እንግዳ ፍጡር አይደለም። ማጀትዎ ውስጥ ሞልቷል። እርሾው ውስጥ ከባክቴሪያ ጋር ተዳብሎ ይኖራል። ጠላውንና ጠጁን የሚያፈላው እሱ ነው። ክረምት ላይ እንጀራው ቀናት ሲቆጥር የሚወጣበት ሻጋታም እሱ ነው። ከዝናብ በኋላ ሜዳ ላይ ብቅ የሚለው የጅብ ጥላ የዚሁ ቤተሰብ ነው። ድሮ ከተክል ጋር ይደመር ነበር። ግን ተክል አይደለም፤ ከፀሐይ ምግብ መሥራት አይችልም። በዝምድና እንዲያውም ከተክል ይልቅ ለእንስሳ፣ ማለትም ለእኛ ይቀርባል።

ይህ ተራ ወሬ አይምሰልዎት። የፈንገስ መድኃኒት ለምን ጥቂት እንደሆነ፣ አንዳንዱ ለምን ጉበት እየታየ እንደሚሰጥ የሚያስረዳው ይኸው ዝምድና ነው። ባክቴሪያ ከእኛ በጣም የራቀ ስለሆነ እኛን ሳይነኩ እሱን የሚመቱበት ቦታ ብዙ ነው። የፈንገስ ሴል ግን እንደ እኛ ኒውክለስ አለው፤ የውስጥ አሠራሩም ከእኛ ጋር ይመሳሰላል። ለመድኃኒት የሚመቹ ትልልቅ ልዩነቶቹ ሁለት ናቸው። አንደኛው ዙሪያውን የከበበው ግድግዳ ነው። ግድግዳው ውስጥ ካይቲን አለ፤ የጢንዚዛ ጀርባ የሚጠነክርበት ያው ነገር። ሁለተኛው ከግድግዳው ሥር ያለው ስስ ሽፋን ነው። የእኛ ኮሌስትሮል ሲይዝ የእሱ ኤርጎስቴሮል ይይዛል። በፋርማሲ የምናውቃቸው አብዛኞቹ ፀረ ፈንገሶች የሚያጠቁት በዚህች በኤርጎስቴሮል በኩል ነው።

አሞክሳሲሊን ደግሞ የሚያፈርሰው የባክቴሪያን ግድግዳ ነው። ያ ግድግዳ ከሌላ ነገር የተሠራ ነው፤ ፈንገስ ጋ የለም። ስለዚህ ልጅዎ የጨረሰው መድኃኒት ፈንገሱን ዞር ብሎም አላየው። የሚገርመው፣ የአሞክሳሲሊን ዘር የሆነው ፔኒሲሊን ራሱ እ.ኤ.አ. በ1928 ከሻጋታ የተገኘ ነው። ለቆረቆር የምንሰጠው ግሪሲዮፉልቪንም ከሻጋታ ነው የመጣው። ሻጋታን በሻጋታ።

ክሬሙ ምን እንደነበር አልነገሩኝም። ቱቦው ካለ ስሙን ያንብቡ። ቤታሜታዞን ወይም ክሎቤታሶል የሚል ከሆነ መቀባቱን ያቁሙና ለሐኪሙ ያሳዩት። እነዚህ ስቴሮይድ ናቸው። መቅላቱንና ማሳከኩን ያበርዳሉ፣ ሰው ዳነ ብሎ ይደሰታል። ፈንገሱ ግን ዘበኛው እንደተኛለት ሌባ ይንቀባረራል። ክብ መልኩም ስለሚጠፋ ሐኪሙን ያሳስታል። ክሎትሪማዞል ከሆነ ደግሞ መድኃኒቱ ፀረ ፈንገስ ነው፤ ችግሩ እቦታው አለመድረሱ ነው። ለምን እንደማይደርስ ቆይቼ አሳይዎታለሁ።

በላብራቶሪ ዓይን ፈንገስ ሁለት መልክ አለው። አንዱ እርሾ ነው፤ ነጠላ ክብ ሴል ሆኖ፣ ከጎኑ እያቆጠቆጠ ይራባል። ካንዲዳ ከዚህ ወገን ነው። ሌላው ሻጋታ ነው። በቀጭን ክር ይሄዳል፣ ክሩ ቅርንጫፍ ያወጣል፣ ቅርንጫፉ ይጠላለፋል። ክሩን ሃይፋ እንለዋለን። እንደ ቦታው ሁለቱንም የሚሆን ተንኮለኛም አለ። ሂስቶፕላዝማ አፈር ውስጥ ክር ነው፤ ሰውነት ውስጥ ገብቶ 37 ዲግሪ ሲሞቀው ወደ እርሾ ይለወጣል። የእሱ አንዱ ወገን በአገራችን የጋሪ ፈረሶችን በተርታ በሚወጣ ቁስል የሚያሠቃየው ነው። እሱ ራሱን የቻለ ጉድ ስለሆነ ልለፈው።

የልጅዎ ከሻጋታው ወገን ነው። ዴርማቶፋይት ይባላል። ምግቡ ኬራቲን ነው፤ ፀጉር፣ ጥፍርና የቆዳችን የላይኛው የሞተ ሽፋን የተሠሩበት። ፈንገስ አፍ የለውም። ኢንዛይሙን ወደ ውጭ ይለቃል፣ ምግቡን እዚያው ያቀልጠዋል፣ ከዚያ ይመጥጠዋል። ከአንድ ቦታ ተነሥቶ በሁሉም አቅጣጫ ወደ ዳር እየበላ ስለሚሄድ ነው ክብ የሚሠራው። ወደ ሕያው ሥጋ አብዛኛውን ጊዜ አይዘልቅም።

በነገራችን ላይ፣ ፀጉር በክብ የተነቀለ ሁሉ ቆረቆር አይደለም። ላሽ አለ። ላሽ ላይ ቆዳው ልስልስ ያለ፣ የሚያብረቀርቅ ነው። ቅርፊት የለውም፣ የተሰበረ ፀጉር እንደ ጥቁር ነጥብ ተበትኖ አይታይም። ላሽ ፈንገስ አይደለም፤ የሰውነት መከላከያ የራሱን ፀጉር ሥር ሲያጠቃ የሚመጣ ነው። እርስዎ ቅርፊት አለ ስላሉኝ እንጂ፣ ያለ ምርመራ በዓይን ብቻ መለየት አንዳንዴ ያስቸግራል።

አሁን ወደዚያ የአንድ ሰዓት ምርመራ ልምጣ። የተፋቀው ቅርፊትና የተሰበረው ፀጉር መስታወት ስላይድ ላይ ይደረጋል። ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ የሚባል ፈሳሽ ጠብ ይደረግበታል፤ ከ10 እስከ 20 በመቶ የሆነ። እኛ ኬኦኤች ነው የምንለው። ኬራቲኑን ያሟሟዋል፤ የፈንገሱ ግድግዳ ግን ይቋቋመዋል። ሃያ ደቂቃ ያህል ሲቆይ ያ ነጭ ቅርፊት እየጠራ ይሄዳል፣ ፈንገሱ ብቻ ሳይሟሟ ይቀራል። ከዚያ የማይክሮስኮፑን መብራት ቀነስ ማድረግ ነው። አዲስ ተማሪ ሁሉ መብራቱን ቦግ አድርጎ «ምንም የለም» ይላል። ፈንገሱ ቀለም የለውም። በደማቅ ብርሃን ይጠፋል፣ ደብዘዝ ሲል ይወጣል።

ፀጉሩ በማይክሮስኮፑ ሲታይ ወፍራም ቧንቧ ይመስላል። ቆረቆር የያዘው ፀጉር ከሆነ ቧንቧው ጢም ብሎ ተሞልቷል። ጤፍ እስከ አፉ የተሞላ ጆንያ አስቡ፤ እንደዚያ ነው። እያንዳንዷ ፍሬ ስፖር ናት፤ ፈንገሱ የሚራባባት ዘር። ስፖሮቹ በፀጉሩ ውስጥ ከታጨቁ ኢንዶትሪክስ እንላለን፤ ፀጉሩን ከውጭ እንደ እጅጌ ከሸፈኑት ደግሞ ኤክቶትሪክስ። ውስጡ የተሞላ ፀጉር አቅም ስለማይኖረው ከራስ ቆዳው ብቅ እንዳለ ይሰበራል። ጥቁር ነጥቡ እሱ ነው። ክሬሙ ለምን እንዳልሠራ አሁን ግልጽ ሳይሆንልዎት አይቀርም። እርስዎ ከላይ ይቀባሉ፣ እሱ ቧንቧው ውስጥ ተቀምጧል፣ ከቆዳው በታች ጭምር። ስለዚህ የራስ ቆረቆር በሚዋጥ መድኃኒት ነው የሚታከመው።

ኬኦኤች ፈጣንና ርካሽ ነው። ግን ይሳሳታል፤ በትክክል ለመናገር፣ እኛ እንሳሳታለን። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንድ ረጅም ክር አይቼ «ሃይፋ» ብዬ ልጽፍ ስል ጎኔ ያለችው ባልደረባዬ ቀና ብላ አየችኝና ሳቀች። ከጋውኔ የወጣ የጥጥ ክር ነበር። ሃይፋ እኩል ውፍረት አለው፣ መሃል መሃሉ ላይ ግድግዳ አለው፣ ቅርንጫፍ ያወጣል። የጥጥ ክር ይጠማዘዛል፣ ግድግዳም የለውም። ከዚያ ወዲህ ቅርንጫፍ ሳላይ አልጽፍም። በተቃራኒው ናሙናው ትንሽ ከሆነ ወይም ልጁ ክሬም ተቀብቶ ከመጣ ፈንገሱ እያለ ምንም ላይታይ ይችላል። «አልታየም» ማለት «የለም» ማለት አይደለም።

ወደ ካልቸሩ። የናሙናው እኩሌታ ሳቡሮ አጋር በሚባል የፈንገስ ማሳደጊያ ላይ ይዘራል። ስሙ የሬይሞን ሳቡሮ ነው፤ በፓሪስ የራስ ቆረቆርን ሲያጠና የኖረ የቆዳ ሐኪም። የእሱ አዘገጃጀት ቀላል ነው፦ 4 በመቶ ስኳር፣ 1 በመቶ ፔፕቶን (የተፈጨ ፕሮቲን)፣ ማርጊያ አጋር፣ ኮምጠጥ ያለ። ጣፋጭና ኮምጣጣ ነገር ፈንገስ ይወዳል፣ ብዙ ባክቴሪያ ግን አይመቸውም። በዚያ ላይ ባክቴሪያውን የሚገታ ክሎራምፊኒኮል፣ ከአየር የሚመጣውን የእንጀራ ሻጋታ ዓይነት ደግሞ የሚገታ ሳይክሎሄክሲማይድ ይጨመርበታል። ዴርማቶፋይቶች ይህን ይቋቋሙታል። ከዚያ ኢንኩቤተር በሚባል ሳጥን ውስጥ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ባለ ሙቀት ይቀመጣል። የሰውነት ሙቀት አይደለም፤ ላይ ላዩን የሚኖር ስለሆነ ቀዝቀዝ ያለ ነው የሚስማማው።

ከዚያ መጠበቅ ነው። አንዳንድ ባክቴሪያ ሲመቸው በሃያ ደቂቃ እጥፍ ይሆናል፤ ለዚያ ነው የሽንት ካልቸር በማግስቱ ውጤት የሚኖረው። ዴርማቶፋይት እንዲህ አይቸኩልም። ከቀርፋፋዎቹ አንዱ ደግሞ በእኛ አገር ልጆች ራስ ላይ በብዛት የሚገኘው ትራይኮፋይተን ቫዮላሲየም ነው።

አንዴ ጉድ ሠርቶኛል። አንድ ፕሌት፣ ማለትም ማሳደጊያው ያለበት ሳህን፣ በአሥረኛው ቀን አየሁ፣ ባዶ ነው። «አልበቀለም» ብዬ ውጤቱን አወጣሁ። ፕሌቱን መጣል ነበረብኝ፤ ረሳሁትና ኢንኩቤተሩ ጥግ ቀረ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሳጸዳ አገኘሁት። መሃሉ ላይ አንዲት ትንሽ ጉብታ፣ የተሸበሸበች፣ ሰም የተቀባች የምትመስል፣ ቀለሟ የበሰለ ጥቁር ወይን። ፀጉር የለባት፣ ዱቄት የለባት። ደነገጥኩ። ሐኪሙ ጋ ደውዬ ውጤቴን አስተካከልኩ፣ ልጁም ተጠራ። ዛሬ አራት ሳምንት ሳይሞላ «አልበቀለም» አልልም። እርስዎ የተናደዱበት ወር ከየት እንደመጣ ይኸው ነው።

ሲበቅል ሥራው ገና ተጀመረ። መጀመሪያ ፕሌቱን ከላይም ከጀርባም እናያለን። ፀጉራም ነው? ዱቄት ይመስላል? ጀርባው ምን ቀለም አለው? ከዚያ በመርፌ ትንሽ ተቆንጥሮ፣ ወይም ላዩ በጥርት ያለ ፕላስተር ተለጥፎ ተነሥቶ፣ ሰማያዊ ቀለም ባለው ላክቶፌኖል ጠብታ ላይ ይቀመጣል። ውስጡ ያለው ፌኖል ፈንገሱን ይገድለዋል፣ ቀለሙ ግድግዳውን ያሳየናል። የምንፈልገው ፍሬውን ነው። ማንጎና ብርቱካንን በፍሬያቸው እንደምንለይ፣ ሻጋታንም በስፖሩ ቅርጽና አቀማመጥ ነው የምንለየው። ከድመትና ከውሻ የሚመጣው ማይክሮስፖረም ካኒስ ሁለት ጫፉ የሾለ እንዝርት የመሰለ ትልቅ ፍሬ አለው፤ ግድግዳው ወፍራምና ሻካራ። የእግር ጣት መሃል የሚልጠው ትራይኮፋይተን ሩብረም የእንባ ጠብታ የመሰሉ ትንንሽ ፍሬዎች በክሩ ግራና ቀኝ ይደረድራል፤ ጀርባው ወይን ጠጅ መልክ ይቀላል። ትራይኮፋይተን ሜንታግሮፋይትስ ፍሬውን እንደ ወይን ዘለላ ይቋጥራል፣ ክሩም ሞላ ይመስል ይጠቀለላል። ሁለቱ ሲመሳሰሉብን ዩሪያ ያለበት ማሳደጊያ ላይ እንዘራቸዋለን። ሜንታግሮፋይትስ ቶሎ ሮዝ ያደርገዋል፣ ሩብረም አብዛኛውን ጊዜ አያደርገውም።

ቫዮላሲየም ግን ግትር ነው። ብዙ ጊዜ ፍሬ አያፈራም። የተጣመመ ክርና ያበጡ ሴሎች ብቻ ያሳይዎታል። እሱን የምናውቀው በቀርፋፋነቱ፣ በሐምራዊ ቀለሙ፣ ባለማፍራቱ፣ ደግሞም ቫይታሚን ቢ1 ሲጨመርለት ደህና አድርጎ በመብቀሉ ነው። በፒሲአር፣ የፈንገሱን ዲኤንኤ በሚፈልግ ምርመራ፣ ከናሙናው በቀጥታ በአንድ ሁለት ቀን መለየት ይቻላል። መሣሪያውና ኪቱ ባለበት ማለቴ ነው። በሌለበት ዓይንና ትዕግሥት ነው ያለን።

ታዲያ ይህ ሁሉ ድካም ለስም ብቻ ነው? አይደለም። ስሙ ከየት እንደመጣ ይናገራል። ቫዮላሲየም የሚኖረው በሰው ላይ ነው። ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል፦ በማበጠሪያ፣ በኮፍያ፣ በትራስ፣ በፀጉር ቤት ቶንዶስ። ስሙ ቫዮላሲየም ከሆነ ድመቷ በነፃ ተሰናበተች ማለት ነው። የሚፈተሹት ወንድምና እህት፣ አብረው የሚተኙ የአጎት ልጆች ናቸው። አዋቂ ሰው ምንም ሳይታይበት ተሸክሞት ሊኖር ይችላል። ካኒስ ከሆነ ደግሞ ባለቤትዎ ልክ ናቸው፤ ያኔም ቢሆን ድመቷ የእንስሳት ሐኪም ጋ ትሂድ እንጂ ጎዳና አትውጣ። ጤነኛ የምትመስል ድመትም ልትሸከመው ትችላለች።

መድኃኒቱም በስሙ ይለያያል። ለትራይኮፋይተን ወገን ተርቢናፊን ይመረጣል፤ ሕክምናውም አጠር ይላል። ለማይክሮስፖረም ግሪሲዮፉልቪን ይሻላል። ግሪሲዮፉልቪን ለሁለቱም ይሠራል፣ ግን ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወሰዳል። መጠኑን በልጁ ክብደት የሚወስነው ሐኪሙ ነው። ከእኔ የሚጠቅምዎት ግሪሲዮፉልቪን ቅባት ካለው ምግብ ጋር ሲወሰድ በደንብ ወደ ሰውነት መግባቱ ነው። ወተት ወይም ቅቤ ያለበት ነገር ይስጡት። ጾም ከሆነ ኦቾሎኒ ወይም አቮካዶ።

ስሙን ለማወቅ አንድ አቋራጭ አለ፤ ዉድስ ላምፕ የሚባል ጥቁር ብርሃን። ጨለማ ክፍል ውስጥ ራሱ ላይ ሲበራ ካኒስ የያዘው ፀጉር አረንጓዴ ያበራል። ቫዮላሲየም አያበራም። ስለዚህ ካበራ ትልቅ ፍንጭ ነው፣ ካላበራ ግን ምንም አልተባለም።

ውጭ አገር ላሉ ዘመዶችዎም ይህ ነገር ይጠቅማል። አሜሪካ ውስጥ የልጆች ቆረቆር በአብዛኛው የሚመጣው ትራይኮፋይተን ቶንሱራንስ ከሚባል ሌላ ዝርያ ነው። ስቶክሆልም ውስጥ ደግሞ ከአፍሪካ ቀንድ በመጡ ቤተሰቦች ልጆች ላይ ቫዮላሲየም በብዛት ይገኛል። ልጁ በቅርቡ አዲስ አበባ ደርሶ የተመለሰ ከሆነ ለሐኪሙ ይናገሩ፤ ላብራቶሪው ፕሌቱን ቶሎ እንዳይጥለው።

የሰው «ቆረቆራም» የሚለው ስድብ ግን ያናድደኛል። ከንጽሕና ጉድለት ብቻ የሚመጣ አድርገው ነው የሚያዩት። በሰው ላይ በሽታ እንደሚያመጡ በመጀመሪያ ከተደረሰባቸው ተሐዋስያን አንዱ የራስ ፈንገስ ነው። ሾንላይን የሚባል ሐኪም ፋቩስ ከተባለው የራስ ቅርፊት ውስጥ ፈንገሱን ያየው እ.ኤ.አ. በ1839 ነው፤ ኮክ የቲቢን ባክቴሪያ ይፋ ከማድረጉ ከ40 ዓመት በላይ ቀደም ብሎ። ይህን ያህል ዘመን ከታወቀ በኋላ ልጅ የሚሰደብበት ምክንያት አይገባኝም። ሕክምናውን ከጀመረ ትምህርት ቤት መሄድ ይችላል። ሐኪሙ የሚያዘውን ፀረ ፈንገስ ሻምፑ ከኪኒኑ ጋር ይጠቀሙ። ብቻውን አያድንም፣ ስፖሩ ወደ ሌላው እንዳይበተን ግን ይቀንሳል።

አንድ ነገር ብቻ አደራ። ቦታው ድንገት አብጦ፣ ለስልሶ፣ መግል ከቋጠረ በምላጭ እንዳታስፈርጡት። ኬሪዮን ይባላል። ብዙውን ጊዜ መግሉ የባክቴሪያ አይደለም፤ ሰውነቱ ፈንገሱን ሲዋጋ የሚፈጥረው ነው። ከዘገየ ፀጉሩ ላይመለስ ይችላል። የዚያኑ ቀን ወደ ሐኪሙ ይሂዱ።

ሌላ ልጅ ካለዎት ደግሞ ዛሬ ማታ ራሱን በደህና ብርሃን ይዩለት። ፀጉሩን ከፈል ከፈል እያደረጉ፣ ከጆሮው በላይና ከማጅራቱ ይጀምሩ። ቅርፊት ወይም ጥቁር ነጥብ ካዩ ፀጉሩን በመቀስ ቆርጠው እንዳያመጡልን፤ እኛ የምንፈልገው ከሥር የተሰበረውን ጉቶ ነው። ክሬምም አይቀቡት። ልጁን ይዘውት ይምጡ፣ እኛ ፍቀን በደረቅ ወረቀት ጠቅልለን እንወስዳለን።